ላፕቶፑን አትቀይሩ፦ ስለ ኪቦርድ፣ ሲንተሳይዘርና የፒያኖ ሶፍትዌር የሚነገሩ ስህተቶች

ቤቱ ተቀምጦ የሙዚቃ ኪቦርድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ በፒያኖ ሶፍትዌር መጫወት የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ምሬቱ መዘግየት ነው፤ ቁልፉን ይነካል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። የሚሰጠውም ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ላፕቶፕህ ደካማ ነው፤ ሌላ ግዛ።» ስንቱ ሰው በዚህ ምክር ገንዘቡን ያለአግባብ እንዳወጣ ማሰብ ያናድዳል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው በሶፍትዌሩ የኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ነውና።

ኮምፒውተር ድምፅን ወደ ስፒከር የሚልከው ጥቂት በጥቂት እያጠራቀመ ነው። ማጠራቀሚያው ባፈር ይባላል፤ መጠኑም በሳምፕል፣ ማለትም ድምፁ በሚከፋፈልባቸው ጥቃቅን ቁራጮች ይቆጠራል። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ሲሠራ የ128 ባፈር 3 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ የ256 ባፈር 6 ገደማ፣ የ1024 ባፈር ደግሞ 23 ገደማ ያዘገያል። በዚህ ላይ ድራይቨሩ (ሶፍትዌሩን ከድምፅ መሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) እና ኪቦርዱ የራሳቸውን ይጨምራሉ። ጠቅላላው 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ከሆነ ብዙ ተጫዋች አያስተውለውም። 20ን ካለፈ ግን ጣት ምቱን መጠበቅ ይጀምራል፤ አጨዋወቱም ይበላሻል።

በዊንዶውስ ላይ ዋናው ጥፋተኛ ድራይቨሩ ነው። ብዙ ሶፍትዌር መጀመሪያ ሲከፈት የተለመደውን የዊንዶውስ ድራይቨር ይይዛል፤ እሱ ደግሞ ፊልምና ዘፈን ሳይቆራረጥ እንዲሰማ እንጂ ለጣት ፍጥነት አልተሠራም። ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ከላፕቶፑ ውጭ የሚሰካ የድምፅ መሣሪያ) ካላችሁ አምራቹ ያዘጋጀውን አሲዮ የሚባለውን ፈጣን የድምፅ ድራይቨር ጫኑ፤ ከሌላችሁ በነጻ የሚገኘው አሲዮ ፎር ኦል ይበቃል። ከዚያ በኦዲዮ ሴቲንጉ ውስጥ አሲዮን መርጣችሁ ባፈሩን 256 ላይ አድርጉና ተጫወቱ። ድምፁ ካልተንጣጣ ወደ 128 አውርዱት። ከተንጣጣ ባፈሩን ከመጨመራችሁ በፊት ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩት፣ የባትሪ ቁጠባውን አጥፉ፣ ዋይፋዩን ዝጉ፣ የሶፍትዌሩን ፖሊፎኒ (በአንድ ጊዜ የሚያሰማውን የኖታ ብዛት) ወደ 64 ዝቅ አድርጉ። በማክ ኮምፒውተር ላይ ድራይቨር ፍለጋው የለም፤ ባፈሩን ማስተካከል ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎ በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ የሚጫወት ሰው ግን ልፋቱን በዜሮ አባዝቷል። ብሉቱዝ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገያል፤ የትኛውም ሴቲንግ አይመልሰውም። ባለ ሽቦ ተጠቀሙ።

ሌላም አለ። አንድ ኖታ ሁለት ጊዜ ሲሰማ መዘግየት ይመስላል እንጂ ኪቦርዱ የራሱን ድምፅ፣ ሶፍትዌሩም የራሱን እያሰሙ ነው። በኪቦርዱ ሜኑ ውስጥ «ሎካል ኮንትሮል» የሚለውን አጥፉት፤ ከሌለው የኪቦርዱን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት።

«ትልቁ ሶፍትዌር ጥሩው ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ሁለት የተለያዩ አሠራሮች አሉ። እንደ ሳላማንደር ያለው ነጻ ፒያኖ ከእውነተኛ ያማሃ ግራንድ ፒያኖ ቁልፉ ከቀስታ እስከ ጠንካራ በ16 የኃይል ደረጃ እየተመታ የተቀዳ ነው። የዚህ ዓይነቱ የሚፈልገው ራምና ፈጣን ዲስክ ነው፤ ትልልቆቹን በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ካስቀመጣችኋቸው ኖታ ይዘላሉ። ፒያኖቴክ ግን የተቀዳ ድምፅ የለውም፤ ድምፁን በስሌት እዚያው ይፈጥራል። ስለዚህ ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው፤ ሸክሙ የሚያርፈው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ቦታ የሌለው ግን ፈጣን ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁለተኛውን ይሞክር።

«ድምፁ 600 ነው፣ ስታይሉ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠው አጃቢ ምት) 200 ነው» እያለ ኪቦርድ የሚሸጥን ነጋዴ አትስሙ። እናንተ የምትጠቀሙት ከአሥሩ አይበልጥም። ሱቅ ውስጥ አንዱን ቁልፍ ቀስ ብላችሁ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ድምፁ እኩል ከወጣ ኪቦርዱ የጣት ኃይል አይለይም፤ ከሶፍትዌር ጋር ብታገናኙትም አይለይም። ያማሃ ፒኤስአር-ኤፍ52 61 ቁልፍ አለው፣ የጣት ኃይል ግን አይለይም፤ ፒኤስአር-ኢ373 ይለያል። የስታይል ብዛት ይህን አይተካም።

88 ቁልፍ የግድ ነው? ክላሲካል ፒያኖ ለሚማር አዎ፣ ያውም ክብደት ያለው ቁልፍ፤ ያማሃ ፒ-45 ዓይነቱ መነሻ ይሆናል። መዝሙር ለማጀብና ለማቀናበር 61 ይበቃል።

«ሲንተሳይዘር ማለት የተሻለ ኪቦርድ ነው።» አይደለም። የመጀመሪያው ማይክሮኮርግ የተባለው ሲንተሳይዘር 37 ትንንሽ ቁልፍና 4 ቮይስ (በአንድ ጊዜ የሚሰማ ኖታ) ብቻ አለው፤ ስፒከርም አጃቢ ስታይልም የለውም። ድምፅ ለመፍጠር ግሩም ነው። አምስተኛውን ኖታ ስትጫኑ ግን ከቀደሙት አንዱ ይቋረጣል፤ በሁለት እጅ ፒያኖ ልጫወትበት ያለ ሰው ያዝናል።

«ቅኝት ለመጫወት የአረብ ኪቦርድ ያስፈልጋል» የሚለው ደግሞ እኛው የፈጠርነው ነው። የእነዚያ ኪቦርዶች ሩብ ድምፅ መቃም ለሚባለው የአረብ ቅኝት ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሁሉም በተራ ኪቦርድ ላይ አሉ። ከክራር ወይም ከማሲንቆ ጋር ስትጫወቱ የማይገጥም ኖታ ካለ ስኬል ቱን (የእያንዳንዱን ኖታ ከፍታ ማስተካከያ) ያለው ኪቦርድ ኖታውን በሳንቲም ለማስተካከል ይረዳል፤ አንድ ሴሚቶን (ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት) 100 ሳንቲም ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁን ኪቦርድ ከመሰካታችሁ በፊት የአዳፕተሩን ጽሑፍ አንብቡ። 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ስጋት ሰኩት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። ምትክ ስትገዙ «ሶኬቱ ገብቷል» አይበቃም፦ ያማሃ ፒኤስአር-ኢ373 12 ቮልት፣ ካሲዮ ሲቲ-ኤስ300 9.5 ቮልት ይፈልጋሉ። ከቮልቱ ጋር አምፒሩንና የፕላስ ማይነስ ምልክቱንም አመሳክሩ።

ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ የሚቆም፣ ሲለቀቅ የሚንዛዛ ከሆነም አልተበላሸም። የያማሃና የሮላንድ ፔዳሎች አሠራር ተገላቢጦሽ ነው። ኪቦርዱን አጥፉ፣ ፔዳሉን ሰኩ፣ እግራችሁን አንሱና አብሩት፤ ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ ራሳቸው ይለዩታል። የማይለይ ከሆነ ከፔዳሉ ሥር ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ወደ ሌላው ጎን ግፉት።