ለዳንኤል ሥዕል የተሠራው የሩበንስ የጠመኔ ንድፍ

ጠመኔ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የጥቁር ሰሌዳው ነጭ ነው። የድሮ አውሮፓ ሠዓሊዎች የሚነድፉበት ጥቁር ጠመኔ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ለስላሳ ድንጋይ።

የፍላንደርስ ሠዓሊው ፒተር ፖል ሩበንስ (1577–1640 እ.ኤ.አ.) ዳንኤልን በአንበሶች ጉድጓድ ከመሣሉ በፊት አንድ ወጣት በዛሬዋ ቤልጅየም አንትወርፕ ከተማ ስቱዲዮው ውስጥ አስቀምጦ በዚሁ ጠመኔ ነደፈው። ልጁ እግሩን አጣምሮ፣ እጆቹን አቆላልፎ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ ተቀምጧል። ጉድጓድ የለም፣ አንበሳም የለም። ጭንቀቱ ግን ሰውነቱ ላይ አለ፤ ለእኔ ከትልቁ ሥዕል በላይ የሚይዘኝም ይሄ ነው። ጥላው በጥቁር፣ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ደግሞ በነጭ ጠመኔ ወጥቷል። ጠመኔ በጫፉ ቀጭን መስመር ይሰጣል፣ በጎኑ ሲያስተኙት ሰፊ ጥላ፣ በጣት ሲያሹት ደግሞ ቆዳ የመሰለ ልስላሴ፤ ከተሳሳቱም የዘመኑ ላጲስ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር። በቀለም ብዕር ይሄ ሁሉ አይሞከርም።

አንበሶቹንም ለብቻ ነድፏል። ከዚያ በኋላ ነው 2.24 በ3.30 ሜትር ወደሚሆነው ሸራ የሄደው። በ1618 ሥዕሉን ዘ ሄግ ለነበረው የእንግሊዝ አምባሳደር ለዱድሊ ካርልተን ሲያቀርብ አንበሶቹ በሕይወት ያሉ አንበሶችን እያየ የተሣሉ መሆናቸውንና ሥራው በሙሉ የራሱ እጅ እንደሆነ ጽፎለታል። ይህን የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባቀረበለት የሥዕሎች ዝርዝር ውስጥ ተማሪዎቹ ሠርተውት እሱ ያስተካከላቸው ሥዕሎችም ነበሩበት። ካርልተንም በጥንታዊ የእምነበረድ ቅርጾቹ ለወጠው።

ንድፎቹ ግን ለገበያ አልነበሩም። የሥራ ዕቃ ናቸው። ሩበንስ በኑዛዜው ከወንድ ልጆቹ አንዱ ሠዓሊ ቢሆን ወይም ከሴቶቹ አንዷ ሠዓሊ ብታገባ ይጠቅማሉ ብሎ፣ የመጨረሻ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላ እንዳይሸጡ አዘዘ። ሠዓሊ የሆነም ሠዓሊ ያገባችም አልተገኘም፣ በ1657 ተሸጡ።

የወጣቱ ንድፍ ዛሬ ኒውዮርክ፣ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ነው። ሥዕሉና ከአንበሶቹ ንድፍ አንዱ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ጋለሪ ናቸው። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ መግቢያው በነፃ ስለሆነ ሥዕሉን ጎራ ብላችሁ እዩት፤ አንበሳው ግን ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ ወረቀት ደግሞ ብርሃን ስለማይወድ፣ በሄዳችሁበት ቀን ግድግዳ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ።