ጋራዥ ውስጥ የተገጣጠመ መኪና በካሊፎርኒያ ስንት ዓመቱ ነው?

ሞተሩን ከአንዱ፣ ሻንሲውን ከሌላው አምጥታችሁ ጋራዣችሁ ውስጥ መኪና ገጣጠማችሁ እንበል። ካሊፎርኒያ ይህን «በልዩ ሁኔታ የተሠራ ተሽከርካሪ» ትለዋለች። ፋብሪካ የሰጠው መለያ ቁጥር የለውም። ስለዚህ የሀይዌይ ፖሊስ ዕቃው የተሰረቀ አለመሆኑን አይቶ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ደረሰኝ አትጣሉ። የብሎኑን ተዉት፤ የሞተር፣ የካምቢዮ፣ የሻንሲና የቦዲው ግን ይጠየቃል።

ሰው ግራ የሚጋባው ጭስ ምርመራው ላይ ነው። መኪናው የዘንድሮ ነው ወይስ የድሮ? ኤስቢ 100 የሚባለው ሕግ በዓመት ለ500 መኪኖች ብቻ ምርጫ ይሰጣል፤ ወይ በሞተሩ ዘመን ወይ ቦዲው በሚመስለው መኪና ዘመን መዳኘት። ኮብራ የሚባለውን የስፖርት መኪና የ1965 ሞዴል ከመሰለ እንደ 1965 (በፈረንጅ) ይታያል። የቤንዚን መኪና ደግሞ 1975 ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ ከመደበኛው የጭስ ምርመራ ነፃ ነው። ቦዲው ምንም ካልመሰለስ? 1960 ይባላል! እንዲህ ያለ ቸር ሕግ ብዙ አይገኝም።

ኮታው ለቀደመ ነው፤ በየጃንዋሪው እንደገና ይጀምራል። ከ500ዎቹ ውስጥ ቦታ ማግኘታችሁን የሚያሳየውን የተራ ቁጥር ሰርተፊኬት ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) ይሰጣል። ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ «ሪፈሪ» ወደሚባለው የጭስ ምርመራ ዳኛ ትሄዳላችሁ፤ የትኛው ዘመን እንደሚሠራ የሚያረጋግጠው ሪፈሪው ነው።