ክሎድ ሞኔ፦ የብርሃን ሠዓሊው የሥራ ሕይወትና የአሳሳል ዘዴዎች

ክሎድ ሞኔ (1840–1926) ከስልሳ ዓመት በላይ ተፈጥሮን ሲሥል የኖረ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወንዝ፣ ባሕር፣ ዛፍና አበባ በሥዕሎቹ ውስጥ ደጋግመው ይታዩ እንጂ ዋነኛ ጉዳዩ በእነርሱ ላይ የሚያርፈውና በየደቂቃው የሚለዋወጠው ብርሃን ነበር፤ የአሳሳል ዘዴዎቹም በአብዛኛው ከዚህ የተነሱ ናቸው።

ሞኔ በፓሪስ ተወልዶ ለ አቭር በተባለችው የወደብ ከተማ አደገ። እዚያም የባሕር ዳርቻ ሠዓሊው ዩጂን ቡዳን ከቤት ወጥቶ ተፈጥሮን ፊት ለፊት እያዩ መሣልን አስለመደው። በ1841 የተፈለሰፈው የቆርቆሮ የቀለም ቱቦ ይህን የሥራ ልማድ እጅግ አቅልሎት ነበር፤ ከዚያ በፊት ሠዓሊያን የዘይት ቀለማቸውን በአሳማ ፊኛ ቋጥረው ያስቀምጡ ነበር። ሞኔ በ1872 የሣለው «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» በ1874 በፓሪስ ለእይታ ሲቀርብ አንድ ሐያሲ በርእሱ ተሳለቀ፤ ኢምፕሬሽኒዝም የሚለው የእነ ሞኔ የሥዕል እንቅስቃሴ መጠሪያም ከዚያ ወጣ።

በዘመኑ የተለመደው ሸራውን አስቀድሞ ጠቆር ባለ ቀለም መቀባት ሲሆን፣ ሞኔ ግን ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ መደብ መረጠ፤ መደቡም በብሩሽ ምቶቹ መካከል እየታየ ለሥዕሉ ድምቀት ይሰጠዋል። ጥቁርን ከጊዜ በኋላ ከሞላ ጎደል ስለተወው ጥላን የሚሥለው በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በአረንጓዴ ነው። በ1905 ስለሚጠቀምባቸው ቀለሞች ተጠይቆ ሲመልስ የዘረዘረው ነጭን፣ ካድሚየም ቢጫን፣ ቨርሚሊዮንንና ማደርን (ሁለቱም ቀይ ናቸው)፣ ኮባልት ሰማያዊንና ኤመራልድ አረንጓዴን ብቻ ነበር። ሥዕሎቹን ቀረብ ብሎ ለሚያይ፣ ውኃው በአግድም፣ ሣሩ ወደ ላይ በተሳቡ አጫጭር ምቶች መሠራቱ በግልጽ ይለያል። በአንድ ትንፋሽ የተሣሉ የሚመስሉት እነዚህ ሸራዎች ብዙ ጊዜ በርካታ ንብርብሮች አሏቸው፤ ሞኔ ባልደረቀ ቀለም ላይ ሌላውን ከመደረቡም በላይ፣ የታችኛው ከደረቀ በኋላ ወፍራም ቀለም ያዘለ ብሩሽ በስሱ እያስኬደ የላዩን ሸካራነት ያወጣ ነበር። በመስክ ላይ የጀመረውንም በስቱዲዮ ለረጅም ጊዜ ያሻሽለው ስለነበር፣ ሁሉንም ሥራውን ደጅ እንደጨረሰ አድርጎ መተረክ ድካሙን ያሳንሰዋል።

ብርሃኑ ሳይጠብቀው ስለሚለወጥ ሞኔ በርካታ ሸራዎችን ጎን ለጎን ይዞ መሥራትን ለመደ፤ ፀሐይዋ ቦታ ስትቀይር እርሱም ሸራ ይቀይራል። በ1890 እና በ1891 ከቤቱ አጠገብ የነበረውን የስንዴ ክምር በጠዋት፣ በማታ፣ በበረዶና በጭጋግ ወደ 25 ጊዜ ሣለው። ቀጥሎ በኤፕት ወንዝ ዳር የተተከሉትን ፖፕላር ዛፎች መሣል ሲጀምር ዛፎቹ ለጨረታ ቀረቡ፤ ሞኔም ተከታታይ ሥዕሎቹን እስኪጨርስ ድረስ ሳይቆረጡ እንዲቆዩለት ለእንጨት ነጋዴው ገንዘብ ከፈለ። ከ1892 ጀምሮ ደግሞ የሩዋን ከተማን ካቴድራል የፊት ገጽ በዚሁ ዘዴ ሠርቷል።

በ1883 ዢቬርኒ ወደተባለችው መንደር የገባው ሞኔ፣ ተከራይቶት የቆየውን ቤት በ1890 ገዛ፤ በ1893 ደግሞ ተጨማሪ መሬት ገዝቶ ኩሬ አስቆፈረ። ከወንዙ ውኃ ለመጥለፍ ፈቃድ ሲጠይቅ የአካባቢው ሰዎች በኩሬው የሚተከሉት እንግዳ ተክሎች ውኃችንን ይበክሉብናል ብለው ተቃውመው ነበር። ያንን ኩሬና በላዩ የሚንሳፈፉትን አበቦች ወደ 250 በሚጠጉ ሸራዎች ሣላቸው፤ አበቦቹን የሚያጸዳና ውኃውን የሚንከባከብ አትክልተኛም ቀጥሮ ነበር። የሚሥለውን ተፈጥሮ በገዛ እጁ ተክሎ ያሳደገ ሠዓሊ መሆኑ ከዘመን ጓደኞቹ ለይቶ ያሳየዋል።

በ1912 የዓይን ሞራ እንዳለበት በሐኪም ታወቀ። ሕመሙ እየጠና ሲሄድ ሥዕሎቹ ወደ ቀይና ቡናማ ያደሉ ሲሆን፣ በ1923 አንድ ዓይኑን በቀዶ ሕክምና ታከመ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ በጻፈው ደብዳቤ ለመንግሥት ለመስጠት ቃል የገባው የኩሬ ሥዕል ስጦታ እየሰፋ ሄዶ፣ ከሞተ ከወራት በኋላ በ1927 በፓሪሱ ኦራንዠሪ ሙዚየም ለእይታ ተከፈተ። በሁለት ሞላላ አዳራሾች የተሰቀሉት ስምንቱ ሥራዎች ቁመታቸው ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ሞኔ በቀን ብርሃን እንዲታዩ የፈለጋቸው እነዚህ ሥራዎች በ1960ዎቹ በላያቸው በተሠራ ፎቅ ሳቢያ የተፈጥሮ ብርሃን አጡ፤ በ2006 በተጠናቀቀው እድሳት ፎቁ ተነሥቶ የቀን ብርሃን እንደገና ከጣሪያው እንዲገባ ተደርጓል።