ብቻውን የሚጓዝ ሰው አመጋገብ፦ በአዲስ አበባ መውጫዎች የምግብ ቤቶች አሠራር

ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር የሚያወጡት ዋና ዋና መንገዶች አምስት ናቸው። የጎጃሙ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታና ጫንጮ ይደርሳል። የአምቦው በቡራዩና በሆለታ፣ የጅማው በዓለም ገናና በሰበታ፣ የደሴው በለገጣፎና በሰንዳፋ፣ የደብረ ዘይቱ በገላንና በዱከም አድርጎ ወደ ቢሾፍቱ ይዘልቃል። ከእነዚህ ከተሞች ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። መንገዶቹን ግራና ቀኝ ይዘው ሥጋ ቤቶች፣ ሽሮ ቤቶች፣ ቁርስ ቤቶችና ጁስ ቤቶች ተደርድረዋል።

የአብዛኞቹ ቤቶች አሠራር በቡድን ለሚመጣ ሰው የተሰናዳ ነው። ሥጋው በኪሎ ይሸጣል፣ ትሪው ለሦስት ለአራት ሰው ይቀርባል፣ ጠረጴዛውም ስድስት ሰው ያስቀምጣል። ብቻውን የሚገባው ደንበኛ ግን ቀላል ቁጥር የለውም፤ የአይሱዙ ሾፌር አለ፣ ለቤትና ለቦታ ጉዳይ የወጣ ሰው አለ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ ከእንጦጦ ጸበል የሚመለስ አለ፣ ከላምበረት፣ ከቃሊቲ ወይም ከአስኮ መናኸሪያ ተነሥቶ መንገድ ላይ የወረደ መንገደኛ አለ። ይህ ሰው የቤቱን አሠራር ካላወቀ ወይ ለማይጨርሰው ምግብ ይከፍላል፣ ወይ የሚወደውን ትቶ ያገኘውን ይበላል። ሁለቱም ሳይሆን ጥሩ አድርጎ መብላት ይቻላል።

ለአንድ ሰው የሚመች ምግብ

ለብቸኛ ተመጋቢ የመጀመሪያው ምርጫ በያይነት ነው። ምስር ወጡ፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ ጠዋት ተሠርቶ ስለሚቆይ ምድጃ ሳይጠብቅ በአምስት ደቂቃ ይቀርባል፤ ልኩም ከመጀመሪያው የአንድ ሰው ነው። አንድ እንጀራ ተዘርግቶ ይመጣል፤ ጥቅል ጭማሪ አብሮ የሚያቀርብም ቤት አለ። ጭማሪ እንጀራ የሚያስከፍል ቤት እየበዛ ስለሆነ «ጭማሪው በሒሳብ ነው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

በያይነት የሚጥመው ረቡዕና ዓርብ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ነው። በጾም ቀን ብዙ ስለሚሸጥ ብዙ ይሠራል፣ ትኩስም ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ግን ጎመኑ አልቆ ምስሩ ደርቆ ያገኘዋል። በፍስክ ቀን አንዳንድ ቤት ጭራሽ አይሠራውም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ በያይነት ከብዙ ቤቶች ይጠፋል። ያን ጊዜ ሥጋና ቅቤ የማይበላ ሰው ሽሮ ሲያዝ «በዘይት» ብሎ መናገር አለበት፤ በፍስክ ቀን ሽሮ በቅቤ የሚሠራበት ቤት ብዙ ነው።

ሽሮ ራሱ ለአንድ ሰው የተፈጠረ ያህል ነው። በትንሽ ሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፣ ሌላ ሰው አይጠይቅም። ቦዘና ሽሮ ከፈለጉ በውስጡ ያለው ሥጋ ጥቂት ስለሆነ የጥብስ አምሮትን እንዲያስታግስ አይጠበቅም። ጠዋት ላይ ፍርፍር፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳና ቅንጬ በነፍስ ወከፍ ልክ ይቀርባሉ። ቅቅል በጠዋት ማዘዝ ግን በተለይ ሱሉልታ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃው ከ92 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ አጥንቱ ሌሊት ካላደረ በቀር ሥጋው ጥርስ ላይ ይጎተታል። «ያደረ ነው ወይስ ዛሬ የተጣደ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

ሥጋ ቤት ብቻን መግባት

ችግሩ የሚጠነክረው ሥጋ ቤት ላይ ነው፤ ዱከም ደግሞ ስሙ የገነነው በሥጋ ነው። ከመሐል አዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ከተማውን በጎን ስለሚያልፍ ሥጋ አምሮት የሚወጣ ሰው የድሮውን መንገድ መያዝ አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠረጴዛ ሳይሆን ሥጋው ወደተሰቀለበት መስኮት ነው። ከየትኛው ብልት እንደሚፈልግ በጣቱ ያሳያል፤ ሻኛ፣ ጎድን፣ ሽንጥ ወይም ዳቢት፣ ጮማ ያለው ወይም ቀይ። ቆራጩ ቆርጦ ይመዝናል። ሚዛኑ ላይ ምንም ሳይቀመጥ ዜሮ ማንበቡን ማየት የደንበኛው ድርሻ ነው። ከዚያ ለጥሬ ወይም ለጥብስ ብሎ ይናገራል። ጥሬው ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ወዲያው ይቀርባል፤ ጥብሱ ወደ ማድ ቤት ሄዶ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ብቸኛው ሰው የሚጋጨው «ከግማሽ ኪሎ በታች አንቆርጥም» ከሚል መልስ ጋር ነው። ቤቱ ምክንያት አለው። ሩብ ኪሎ ለመጥበስ የሚወስደው ከሰል፣ ጊዜና ጠረጴዛ ከአንድ ኪሎው ብዙም አያንስም፤ ከጎድን ላይ ሩብ ሲቆረጥ የሚቀረው ቁራጭም ለሌላ ደንበኛ አይመችም። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ብቻውን የመጣን ሰው መመለስ ትክክል አይመስለንም፤ ሩብ ኪሎ የበላ መንገደኛ ሲመለስ ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል። በሥራ ቀን ከ5 ሰዓት በፊት ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ የሚገባ ሰው ሩብ ለማግኘት የተሻለ ዕድል አለው። ቅዳሜና እሑድ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ግን ቤቱ ከአዲስ አበባ በመጣ ቤተሰብ ስለሚጨናነቅ መከራከሩ አያዋጣም።

ሩብ ኪሎ ከተፈቀደ አጥንት የሌለው ሥጋ ይመረጥ። 250 ግራም ቀይ ሥጋ ሲጠበስ ውኃው ወጥቶ ሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ለአንድ ሰው በእንጀራ በቂ ነው። ጎድን ከሆነ ግን አጥንቱ አብሮ ስለሚመዘን ትሪው ላይ የሚገኘው ጥቂት ጉርሻ ብቻ ነው። ሌላው ስሕተት ጥቂት ሥጋ በሰፊ መጥበሻ ላይ መጣሉ ነው። ሥጋው መጥበሻውን ስለማይሞላ ጭማቂው ቶሎ ተንኖ ያልቃል፣ ጥብሱም እንደ ቋንጣ ይደርቃል። «ለስለስ ያለ» ብሎ ማዘዝ ወይም በትንሽ መጥበሻ እንዲሠራ መጠየቅ ይረዳል። ሩብም የማይገኝ ከሆነ ከምግብ ዝርዝሩ ላይ ለአንድ ሰው ተሰፍሮ የሚሸጠውን ጥብስ ማዘዝ ነው፤ ብልት መምረጥ ባይቻልም ልኩ ልክ ነው።

ጥሬ ለብቻው ለሚበላ ሰው ከጥብሱ ይቀልላል፤ ምድጃ ስለማያስፈልገው ቆራጮቹም ሩቡን በቀላሉ ይቆርጣሉ። የኮሶ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። ትሉ አድጎ ምልክት የሚያሳየው ከበሉ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሆነ ሰው ከየትኛው ቤት እንደያዘው አያውቅም፤ አዋዜም ሆነ አረቄ አይገድለውም፤ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ግን ያስወግደዋል። በሱሉልታና በሰንዳፋ መንገድ የሚሸጠው ወተትም እንዲሁ ነው፤ ካልፈላ ወይም ፓስቸራይዝድ ካልሆነ ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ይችላል። «የፈላ» ብሎ ማዘዝ ይበቃል።

ከመስኮቱ በላይ ያለውን ምልክት ማየትም አይረሳ። መስቀል ያለበት የክርስቲያን ሥጋ፣ ጨረቃና ኮከብ ያለበት የሙስሊም ሥጋ ነው። በቡድን የመጣ ሰው ከመካከሉ የሚያውቅ አይጠፋም፤ ብቻውን ያለው ግን ራሱ ማየት አለበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች አብዛኞቹ ስለሚዘጉ ሥጋ የሚፈልግ መንገደኛ ምርጫው ጠባብ ነው።

ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጥና መጋራት

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት በእነዚህ ቤቶች እስካሁን ይሠራል። ምሳ ሰዓት ላይ ለአንድ ሰው ባዶ ጠረጴዛ አይጠበቅም፤ «ሰው አለው?» ተብሎ ተጠይቆ ክፍት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቀድመው የተቀመጡት እየበሉ ከሆነ «እንብላ» ማለታቸው አይቀርም። የመጀመሪያው ግብዣ ሰላምታ ነው፤ መልሱ «ይባረክ፣ ብሉ» ነው። ትሪውን ወደ እርስዎ ገፋ አድርገው «ኧረ በሞቴ» ካሉ ግን ከልባቸው ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜ መጉረስ ክብር እንጂ ስስት አይባልም። ካጎረሱም «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል።

ከዚህ የተለየው ገዝቶ መጋራት ነው። ሁለት ብቸኞች ግማሽ ኪሎ ጥብስ በጋራ ማዘዛቸው ለሥጋው ቤት ችግር የተሻለው መፍትሔ ነው፤ አውቶቡስ ሲቆም በየጠረጴዛው ይታያል። እንዲያምር ግን ከማዘዝ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። መጀመሪያ መጾምና አለመጾም፣ የክርስቲያን ወይስ የሙስሊም ሥጋ፣ ቀጥሎ ቃሪያው ይብዛ ወይስ ይቅር፣ በመጨረሻም ሒሳብ። ጭቅጭቅ የሚነሣው በምግቡ ሳይሆን በመጠጡ ነው፤ አንዱ ውኃ ጠጥቶ ሌላው ሦስት ቢራ ይጨምርና ወረቀቱ በአንድ ይመጣል። አስተናጋጁ ትእዛዝ ሲቀበል «ምግቡ ለሁለት፣ መጠጡ ለየብቻ» ብሎ ማስመዝገብ ይህን ይዘጋል። ሲበሉም ከፊት ለፊት መብላት ነው፤ ወደ ባልንጀራ ፊት ተሻግሮ ሥጋ መልቀም አብሮ መብላትን ያስጠላል።

ሴት ብቻዋን ስትሆን ልምዱ ይለያል። ቀን ቀን ቤተሰብ የሚበዛባቸው ቤቶች፣ ኬክ ቤቶችና ጁስ ቤቶች ምንም አይከብዱም። መጠጥ የሚበዛባቸው ሥጋ ቤቶች ግን ከ12 ሰዓት በኋላ ነገራቸው ይቀየራል፤ ሳትጠይቅ የሚላክ ቢራ፣ ሳይጋበዝ የሚቀመጥ ሰው ይመጣል። ለካሸሩ ቅርብ የሆነ ጠረጴዛ መያዝ፣ የተላከውን መጠጥ በአስተናጋጁ በኩል መመለስ የተለመደ መከላከያ ነው። አስተናጋጆችና ባለቤቶች እንዲህ ያለውን ሰው የማስነሣት ግዴታ አለባቸው፤ ደንበኛዋ ጠረጴዛ እንድትቀይር መጠየቅ ነገሩን መገልበጥ ነው።

ሻንጣ፣ ሰዓትና ሒሳብ

ብቻውን የሚበላ ሰው እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ሻንጣውን የሚጠብቅለት የለም። መታጠቢያው ብዙ ጊዜ በጓሮ በኩል ነው፤ ጠረጴዛው ከዚያ አይታይም። ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት ከነሻንጣው ሄዶ መታጠብ፣ ከዚያ መቀመጥ። ከበሉ በኋላ እጅ ስለሚቀባ ሻንጣ ማንሣት አይመችም፤ ያን ጊዜ ባንኮኒው ላይ ላለው ሰው «ይህችን እያት ወንድሜ» ብሎ መስጠት ነው። የሻንጣውን ማንገቻ በወንበሩ እግር ውስጥ አሳልፎ መቀመጥም ጥሩ ነው። ስልክ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መነሣት ቦታም ስልክም ያሳጣል።

በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ከሰዓት ጋር ይታገላል። ዕረፍቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ጓደኛ ያለው ሰው ሲዘገይ «አንድ ሰው ቀርቷል» የሚልለት አለ፤ ብቸኛው ይህ የለውም። ሲወርድ ለረዳቱ የወንበር ቁጥሩን መንገር፣ ታርጋውን በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ መኪናው የሚታይበት ቦታ መቀመጥ፣ ጥብስ ትቶ ተሠርቶ የቆየ ምግብ ማዘዝ። ጥሩምባው ሲነፋ ሒሳብ መጠበቅ ስለሚያስጨንቅ ምግቡ እንደቀረበ መክፈል ይሻላል። ሾፌሩና ረዳቱ ያቆሙበት ቤት ብዙ ጊዜ በነፃ ስለሚያበላቸው የቆመበት ቤት ምርጥ ነው ማለት አይደለም፤ ጎን ያለውን ቤት አይቶ መግባት መብት ነው።

ክፍያ ላይ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ብዙ ነገር አቅልሏል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም በየግድግዳው ተለጥፏል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን የሚያበድር ጓደኛ ስለሌለ የአንድ ምሳ ጥሬ ገንዘብ ከኪስ መጥፋት የለበትም። ምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምር እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባል፤ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ያሉ ሆቴሎች ላይ የአገልግሎት ክፍያም ይታከላል። ከእነዚህ ሆቴሎች ቡፌ ያላቸው ዋጋው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ ብቸኛ ሰው ከቡድን እኩል የሚስተናገድበት ቦታ ነው፤ ትንሽ የሚበላ ሰው ግን ይከስርበታል።

የተረፈ ምግብ «ይጠቅለልልኝ» ማለት ዛሬ የሚያሳፍር አይደለም። ጥብስ ከሆነ ከእንጀራው ተለይቶ ይጠቅለል፤ አብሮ ከታሰረ እንጀራው ይርሳል። በሞቀ መኪና ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየን ሥጋ መብላት ግን አይመከርም፤ ክትፎ ከሆነ ጭራሹን ይዞ መሄድ ይቅር።