የመኖሪያ ሥፍራና ትላልቅ የዱር አጥቢ እንስሳት በጣና ዳርቻ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የትኛው ትልቅ የዱር አጥቢ እንስሳ የት እንደሚገኝ የሚወስነው ከሐይቁ ስፋት ይልቅ ውኃው፣ ደንገሉ፣ ሣሩና ደኑ የሚገናኙበት ሁኔታ ነው። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ለስፋቱ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ውኃው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ሰፊ ዳርቻ ይሸፈናል ወይም ይገለጣል። አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮ ጥበቃና የሰው ኑሮ ተጣምረው የሚካሄዱበት ሥፍራ) ሆኖ ተመዝግቧል።

ለዚህ ዋናው ማሳያ ጉማሬ ነው። ቆዳው ቶሎ እርጥበት ስለሚያጣ ቀኑን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ የብስ ወጥቶ በሰፊው ከንፈሩ አጭር ሣር እየነጨ ያድራል፤ በአንድ ሌሊትም እስከ 40 ኪሎ ግራም ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ግጦሽ የሌለው ውኃም ሆነ ውኃ የራቀው መስክ አይበቃውም። በባሕር ዳር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ የሚታየውም፣ ረጋ ያለ ውኃ፣ ደንገልና ሣራማ ዳርቻ ተጎራብተው ስለሚገኙ ነው። የሚመላለስበት መንገድም ይታወቃል፤ የግራና የቀኝ እግሮቹ ሁለት ትይዩ ፈለግ ሲያወጡ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ሳይረገጥ ከፍ ብሎ ይቀራል።

ደኑ የሚያኖረው ሌሎችን ነው። ድኩላ ቅጠል ቀንጣቢና ዓይናፋር ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለ መሸሸጊያ ይሻል፤ ጦጣ ደግሞ የሚያድርበት ዛፍና የሚለቅመው ፍሬ ያስፈልጋታል። ወደ ሐይቁ ገብቶ በሚታየው የዘጌ ልሳነ ምድር ቡናው በነባር ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅልና በገዳማቱ ትውፊት ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ስለነበር፣ ዙሪያው ሲመነጠር ደኑ ቆይቷል። ይህ ሥርዓት ለእንስሳቱ የሰጠው ከለላ ከፍ ያለ ግምት ሊሰጠው ይገባል።

ጅብ ግን በእርሻ መካከልም ሆነ በከተማ ዳር ጥምብና የምግብ ትራፊ እየበላ መኖር ይችላል፤ በመሆኑም የእርሱ መብዛት አካባቢው በአራዊት ዓይነት መበልጸጉን አያሳይም። ነባሩ ደን በባሕር ዛፍ ሲተካ ዛፍ ቢኖርም የሚቀነጠበው ቁጥቋጦና የዱር ፍሬው ይመናመናል።

ዛሬ አሳሳቢው የዳርቻው መጥበብ ነው። ውኃው ሲሸሽ የሚታረሰው የባሕር ሸሽ መሬትና በሐይቁ ምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ የሚበቅለው ሩዝ ለገበሬው ኑሮ ወሳኝ ናቸው፤ ሆኖም ማሳው እስከ ውኃው ጫፍ ሲደርስ ጉማሬው ግጦሽ ፍለጋ ሰብል ውስጥ ይገባል፣ ከባለማሳውም ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ የታየው እምቦጭ የተባለው ወራሪ የውኃ አረምም ረጋ ያለውን የዳር ውኃ እየሸፈነ ችግሩን ከውኃው ወገን ያባብሰዋል።