ወሬው ደርሶናል፤ ታዲያ ለምን አልጀመርንም?

አራት ኪሎ ጫማዬን የሚጠርግልኝ ሊስትሮ ሳጥኑ ላይ በማርከር ስልክ ቁጥሩን ጽፏል። ለቴሌብር ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው፤ እኔ ግን ስሙን እየሰማሁ ስንት ጊዜ በካሽ ስከፍል ኖርኩ። አዲስ ነገር ከሰው ወደ ሰው ስለመዛመቱ ሲወራ የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

«ሰው ከሰማ ይጀምራል።»
አይጀምርም። ራያን እና ግሮስ የተባሉ አጥኚዎች አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተስፋፋ 259 ገበሬዎችን ጠየቁ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ስለ ዘሩ መጀመሪያ የነገራቸው ባብዛኛው ዘር ሻጭ ነበር። ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው።

እኔንም ማስታወቂያ አላሳመነኝም። አንድ ጠዋት 200 ብር ሳወጣ ሊስትሮው «ጋሼ፣ ዝርዝር የለኝም» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ከፍሎ ሄደ። በሳምንቱ ጁስ ቤት ያው ሆነ። ከዚያ የቢሮ ልጆች ለምሳ ሲያዋጡ ብር የቆጠርኩት እኔ ብቻ። በሦስተኛው አፈርኩ።

«ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ካወራ አለቀ።»
ለወሬ፣ አዎ። ወሬ በሩቅ ትውውቅም ይሮጣል። የማኅበረሰብ አጥኚው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ከሚያገኙት ሰው የሰሙት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። ልማድ መቀየር ግን ሌላ ነው። ሌላው አጥኚ ዴመን ሴንቶላ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሙከራ 1,528 ሰዎችን በኢንተርኔት አገናኝቶ አንድ የጤና ድረ ገጽ ላይ ማን እንደሚመዘገብ አየ። ትውውቁ እርስ በርስ በተሳሰረበት ቡድን 54 በመቶ ገደማ ተመዘገቡ፤ በዘፈቀደ በተበተነበት 38። እቁባችሁን አስቡት። ሦስት ሰው አንድ ነገር ከጀመረ ሌላው መች ይቀራል?

«የዘገየ ሰው ስላልገባው ነው።»
የአዲስ ነገር መስፋፋትን ያጠናው ኤቨረት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ ነገር የሚጀምሩ ሰዎችን እንደየቅደም ተከተላቸው በአምስት ሲከፍል የመጨረሻዎቹን 16 በመቶ «ጎታቾች» እንደማለት ሰየማቸው። ስሙ ደስ አይለኝም። ከእኔ ሊስትሮ ጎን የሚሠራው ልጅ ቴሌብር አይቀበልም። ስልኩ ባለ ቁልፍ ስለሆነ አይደለም፤ *127# ለእሱም ይሠራል።

«ማታ እንጀራ የምገዛባት ሴትዮ በእጅ ነው የምትቀበለው» አለኝ። «እሷ ስትጀምር እጀምራለሁ።»