የ61.75 ፈቃድ ምንድን ነው?

አንድ አዲስ አበባ የሚኖር ፓይለት ዘመድ ሊጠይቅ አሜሪካ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደ እንበል። እዚያው ጌይተርስበርግ ካለችው ትንሽ አየር ማረፊያ ሴስና የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቶ ቤተሰቡን ከላይ ሊያዞር አማረው። የኢትዮጵያ ፈቃዱ ብቻውን ይበቃዋል? አይበቃውም።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1944 ከተፈረመው የቺካጎ ስምምነት ነው። በአንቀጽ 32 መሠረት ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የፓይለቱን ፈቃድ የሚሰጠው ወይም የሚያጸድቀው አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ነው። ስለዚህ ጭራው ላይ ET የተጻፈበትን አውሮፕላን በኢትዮጵያ ፈቃድ ዋሽንግተን ድረስ ማብረር ይቻላል። የኪራይዋ ሴስና ግን ምዝገባዋ በN ይጀምራል፤ የአሜሪካ ወረቀት ትፈልጋለች።

ያ ወረቀት በአሜሪካ ሕግ ክፍል 61.75 የሚሰጠው ነው። ፓይለቱ መጀመሪያ ኦክላሆማ ሲቲ ላለው የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ቢሮ ያመለክታል። ቢሮው ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን የሰጠውን አገር ጠይቆ ያረጋግጥና ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው የሚያገለግለው 6 ወር ነው፤ ቀጠሮ ሳይያዝ ጊዜው እንዳያልፍ። ከዚያ በአካል ቀርቦ ፈቃዱን፣ የሕክምና ምስክር ወረቀቱንና የእንግሊዝኛ ችሎታውን ማሳየት ነው። ፈተና የለም። ሆኖም ከመብረሩ በፊት ከአሜሪካ አስተማሪ ጋር ቢያንስ የ1 ሰዓት ትምህርትና የ1 ሰዓት በረራ ግምገማ ማድረግ አለበት።

አንዳንዱን ካፒቴን ቅር የሚያሰኘው ይሄ ነው፦ ትልቅ ጀት ሲያበር የኖረ ቢሆንም የሚሰጠው የግል ፓይለት ፈቃድ ብቻ ነው። ለክፍያ መብረር የለም። ወጪውን ከተሳፋሪዎቹ ጋር ድርሻ ድርሻ መካፈል ግን ይችላል። የአገሩ ፈቃድ ላይ ነጠላ ሞተር ካልተጻፈ ሴስናም ያው ቀረች ማለት ነው። ደግሞ የኢትዮጵያው ፈቃድ ከታገደ የአሜሪካውም አብሮ ዋጋ ያጣል። ሁለቱንም ይዞ መብረር ግዴታ ነው።

አሁን ወረቀቱ ተሟላ። እሺ፣ ይነሳ? ቆይ! ጌይተርስበርግ ያለችው በዋሽንግተን ዙሪያ 30 ኖቲካል ማይል በሚሸፍነው፣ በረራ በጥብቅ በሚቆጣጠርበት ልዩ የአየር ቀጠና ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን አየሩ ጥሩ እስከሆነ ድረስ ያለ በረራ ዕቅድ መነሳት ይቻል ነበር። እዚህ ግን ዕቅድ ማስገባት፣ የራሱን የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያስለይ መሣሪያ) ኮድ መቀበልና ከመቆጣጠሪያው ጋር በሬዲዮ መገናኘት አለበት። የኢንተርኔት ሥልጠናም አለው፤ ነፃ ነው። ይህን ዘሎ የገባ ሰው አጠገቡ ተዋጊ ጀት ቢያይ አይገረም።